ዞሮ ገጠም ውኃ

በዚያ ዘመን አሰላ ውስጥ እንደ አቶ በዛብህ ኃይለየሱስ ያለ ንጹሕ ሰው አልነበረም። ከአንኮበር ተመድቦ የመጣ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ነው። ሥራው የከተማውን ሽንት ቤቶች መቁጠር፣ የጉድጓድ ውኃ መመርመርና ሥጋ ቤቶችን መፈተሽ ነበር፤ ሰውየው ግን የመንግሥት ሥራ ባይሰጠውም ይህንኑ ከማድረግ የሚመለስ አልነበረም። በር የሚከፍተው በመሐረብ ነው። የሰው እጅ ከጨበጠ በኋላ ዘወር ይልና ከካፖርቱ ኪስ ትንሽ የስፒሪቶ ጠርሙስ አውጥቶ ጣቶቹን ያብሳል። ሠርግ ሲጠራ የራሱን ብርጭቆ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ብርጭቆውም ሳይረጥብ ቤቱ ይመለሳል። አሰላ በተቀመጠባቸው ሦስት ዓመታት በሰው ቤት አንድ ጉንጭ ውኃ ሲጠጣ ያየው የለም።

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. የካቲት ላይ ለገዥው አንድ ወሬ ደረሳቸው። ከኬንያ አንድ ፈረንጅ የዓሣ እንቁላል ይዞ ይመጣል፤ እንቁላሉ አሰላ ላይ ይፈለፈልና ጫጩቶቹ ከጭላሎ ተራራ በሚወርዱት ጅረቶች ይለቀቃሉ። ገዥው ጸሐፊዎቻቸውን ሰብስበው «ውኃ የሚያውቅ ሰው ማን አለ?» ብለው ጠየቁ።

«በዛብህ አለ፤» አለ አንዱ፤ «እሱ ውኃን ራሱን የሚያጥብ ሰው ነው።»

በማግሥቱ ደብዳቤ ወጣ። «ከመደበኛ ሥራህ ጋር ደርበህ የዓሣ ጠባቂ እንድትሆን ተመድበሃል» ይላል። አቶ በዛብህ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። በሕይወቱ ያየው ዓሣ በቆርቆሮ የታሸገ ሰርዲን ብቻ ነበር፤ እሱንም ያየው ቆርቆሮው ዝጎ እንደሆነ ለመመርመር ነው።

ፈረንጁ ሚስተር ፓልመር ይባላል። እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቁምጣ የታጠቀ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ ረጅም ሰው ነው። ከመኪናው አንድ የእንጨት ሣጥን አወረደ። ሣጥኑ ሲከፈት በበረዶና በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍነው አራት ሺህ እንቁላሎች ታዩ፤ እያንዳንዳቸው የአተር ፍሬ ያክላሉ፣ እንደ ብርቱካን ይቀላሉ፣ በውስጣቸውም ሁለት ሁለት ጥቁር ነጥብ አለ። አቶ በዛብህ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ነጥቦቹ ዓይን ኖረዋል፤ እንቁላሎቹም መልሰው አዩት።

ከገዥው ግቢ ጀርባ የነበረው አሮጌ የፈረስ ጋጣ ለመፈልፈያ ተሰጠ። አቶ በዛብህ ጋጣውን ሦስት ቀን ሙሉ አሳጠበው፤ ፈረስ ኖሮበት ያውቃል ቢባል የሚያምን ሰው እስኪጠፋ ድረስ። ውኃው የግራዝማች ወልደአማኑኤልን ወፍጮ ከሚያዞረው ቦይ በቆርቆሮ አሸንዳ ተጠልፎ እንዲገባ ሆነ፤ እንቁላሎቹ በተዘረጉባቸው የእንጨት ገበታዎች ላይ ያልፍና በታች በኩል ይወጣል። ሚስተር ፓልመር መንገድ ላይ በለቀማት አማርኛ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጠ።

«ውኃ ቀዝቃዛ። ውኃ ንጹሕ። ውኃ ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ! ውኃ ቁም፣ ዓሣ ሙት።»

ይህን ብሎ የባሌን ወንዞች ለማየት ሄደ። የሚመለሰው ግንቦት ላይ ነው።

ለአቶ በዛብህ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተሰጠችው። ሸዋዬ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴት የመጣች፣ ላም ከማየቷ በፊት ዓሣ ያየች ሴት ነች። በአቶ በዛብህ ዓይን ግን ወለል ስትጠርግ ጥግ ጥጉን የምትዘል ሰው ነበረች፤ ሌላው ነገሯ አልታየውም።

ዓሣው በፈረንጅኛ «ትራውት» ነው የሚባለው። የአሰላ ሰው ይህን ስም ሁለት ቀን ከሞከረው በኋላ «ትሩፋት» ብሎ አቀናው። «ትሩፋቶቹ እንዴት አደሩ?» ይሉታል አቶ በዛብህን መንገድ ላይ ሲያገኙት። እሱም እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ «ይመስገን» ይላል።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሲገባ የሰማው ነገር ጸጥታ ነው። አሸንዳው ደርቋል። ሸዋዬ በጣሳ ከበርሜል እየቀዳች በገበታዎቹ ላይ ታፈስሳለች።

አቶ በዛብህ ወደ ወፍጮው ሮጠ። ግራዝማች ወልደአማኑኤል በወፍጮ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ካለው ሽበት ዱቄቱ ይበልጣል።

«ግራዝማች፣ ውኃው ቆመብን!»

«ውኃው አልቆመም። እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

«አራት ሺህ ነፍስ አለብን እኮ!»

«እኔ ደግሞ ከኢተያ ድረስ እህሉን ጭኖ የመጣ ሰው አለብኝ። በጋው ከብዷል፤ ቦዩ ጎድሏል፤ ድንጋዩ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ነው የሚዞረው። እስቲ ልጠይቅህ፤ ከዓሣህ የበላ ሰው አለ?»

«ገና እንቁላል ናቸው፣ ግራዝማች።»

«እንግዲያው ሲበሉ ና።»

አቶ በዛብህ ለመነ። የገዥውን ስም ጠራ፣ የፈረንጁን ስም ጠራ፣ በመጨረሻም ማንም አይቶት በማያውቅ አኳኋን ዱቄት የተነሰነሰበት መሬት ላይ በጉልበቱ ወረደ። ግራዝማች ይህን ሲያዩ ልባቸው ትንሽ ራራ።

«ጠዋት አንድ በርሜል፣ ማታ አንድ በርሜል። ከዚያ በላይ አንዲት ጣሳ ካለፈች ቦዩን በድንጋይ እደፍነዋለሁ።»

ሁለት በርሜል! በዚያ ገበታ ላይ አንድ በርሜል ውኃ ሰው የጫማውን ማሰሪያ አስሮ ቀና እስኪል አያቆይም። አቶ በዛብህ ጉልበቱን እያራገፈ ተመለሰ። ጋጣው ሲደርስ ግን ውኃው ይሄዳል። ሸዋዬ ከገበታዎቹ ወጥቶ ታች በርሜል ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በጣሳ እየቀዳች ወደ ላይ ትመልሰዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውኃው እንዳይቆም ነዋ።»

«ይህ እኮ የወጣ ውኃ ነው! የታጠቡበት!»

«እንቁላል ምኑን ይታጠባል?»

«ሸዋዬ፣ እባክሽን። ሰው የታጠበበትን ውኃ መልሶ ይጠጣዋል?»

ሸዋዬ ጣሳዋን ሳታቆም መለሰችለት። «አቶ በዛብህ፣ የዝዋይን ሐይቅ ማን ሲቀይረው አይተዋል? አያቴ መረብ የጣሉበት ውኃ ነው፤ አባቴም የጣለው እዚያው ነው። ዓሣው እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይወልዳል፣ የቀረውንም እዚያው ነው የሚያደርገው።»

አቶ በዛብህ «የቀረውን» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ ሳያዝዘው ወደ ስፒሪቶው ኪስ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር አእምሮው ፈጣን ሰው ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወረቀት አውጥቶ ነደፈ። የጉድጓድ ውኃ በአሸዋና በጠጠር እንደሚጣራ ያውቃል። እንግዲህ ከገበታው የወጣው ውኃ አሸዋና ጠጠር በሞላ በርሜል ውስጥ ይለፍ፤ ከዚያ ታች በርሜል ይግባ፤ ከታች በፓምፕ ወደ ላይ ይውጣ፤ ላይ ደግሞ በምስማር በተበሳሳ ጣሳ በኩል እንደ ዝናብ እየተንጠባጠበ ገበታው ላይ ይውረድ፤ ሲወርድ ነፋስ ያገኛል። ከግራዝማች የሚመጣው ሁለት በርሜል የጎደለውን ይሞላል፣ ያረጀውንም ይተካል። ሸዋዬ ንድፉን ገልብጣ አየችው። «ዞሮ ገጠም ነው፤» አለች። ስሙ በዚያው ቀረ።

የጎደለው ፓምፕ ነበር። አሰላ ውስጥ የእጅ ፓምፕ ያለው ጎሚስታው ከዲሮ ብቻ ነው፤ ላምባ ከበርሜል የሚቀዳበት። ከዲሮ ጥያቄውን ከሰማ በኋላ ጥቁር እጁን በጥቁር ጨርቅ ጠረገና አንድ ብርጭቆ ሻይ አቀረበለት። አቶ በዛብህ ብርጭቆው ላይ የታተሙትን ጣቶች ቆጠረ። አራት ነበሩ። ሻዩን እስኪቀዘቅዝ በመሐረብ ይዞ ቆየና «ጥርሴን ያመኛል» አለ።

«ይሁን፣» አለ ከዲሮ እየሳቀ፤ «ለትሩፋት ከሆነ ያለ ሻይም ውሰደው።»

ፓምፑ ላምባ ላምባ ይሸታል። አቶ በዛብህ ደግሞ ሽታ ለማጥፋት ከእንዶድ የሚበልጥ ነገር አያውቅም። ልብሱን በእንዶድ ያጥባል፣ አልጋውን በእንዶድ ያጥባል፤ ብዕሩንም አንድ ጊዜ ሞክሮታል። ሦስት እፍኝ ወቅጦ፣ በባልዲ በጥብጦ፣ አረፋው እስከ ክርኑ ደርሶ ፓምፑን ሲያሽ ሸዋዬ ገባች። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰማ።

«እንዶድ! አቶ በዛብህ፣ በኛ አገር ዓሣ የሚገደለው በዚህ ነው!»

«እንዶድ ንጽሕና ነው፤» አለ እሱ ተቆጥቶ።

ሸዋዬ አልተከራከረችም። ወጥታ ከቦይ ዳር አምስት የእንቁራሪት ግልገሎች በጣሳ አመጣችና ከባልዲው ጥቂት አረፋ ጠብ አደረገችባቸው። አቶ በዛብህ እጁን ሳያደርቅ ቆሞ አያቸው። ትንሽ ተወራጩ፤ ቀጥሎም አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ አዞሩ። ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በሸሚዙ ለብሶት ኖሯል።

ፓምፑ በፈላ ውኃና በአመድ ታጥቦ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጣ። እስከዚያው ሸዋዬና ሁለት የቀን ሠራተኞች በጣሳ ሲቀዱ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ፓምፑ «ሲጥ ቋ፣ ሲጥ ቋ» ማለት ጀመረ፤ ውኃውም ዞረ። በሳምንቱ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ሆዳቸው ላይ ትንሽ ቀይ ስልቻ ያነገቱ፣ ከመርፌ የማይወፍሩ ፍጡሮች ገበታውን ሞሉት። አቶ በዛብህ ካፖርቱን አውልቆ፣ ማንም ያላየው መስሎት፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አላቸው። ሸዋዬ በሩ ላይ ነበረች።

መከራው የመጣው በምግባቸው ነው። ስልቻው ሲያልቅ ጫጩቶቹ የተፈጨ ጉበት እንደሚበሉ ፈረንጁ ጽፎ ትቶ ነበር። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ተዘግቷል። አቶ በዛብህ በየማለዳው ዕቃውን በካፖርቱ ሸፍኖ ወደ አብዶ ሥጋ ቤት መሄድ ያዘ። በሦስተኛው ቀን ከተማው ሁሉ ሰማ። በዛብህ ጾም ገደፈ! ያውም ጉበት! ያውም ከእስላም ቤት! አብዶ ራሱ ተጨንቆ ለሚጠይቀው ሁሉ «ኧረ ለትሩፋት ነው የሚገዛው!» ይል ነበር፤ ሰውም «ጉበት በልቶ ትሩፋት እንዴት ያለ ነው?» እያለ የባሰ ያማው ጀመር።

የንስሐ አባቱ አባ ገብረሥላሴ ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ ጋጣው ድረስ መጡ። ጫጩቶቹ የጉበቱን ፍርፋሪ ሲሻሙ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ሌት ተቀን ውኃ ውስጥ ናቸው፤» አሉ በመጨረሻ፤ «ግን አልተጠመቁም። ይብሉ።»

ሐሜቱ በዚህ በረደ። ከጉበቱ ጋር ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ጫጩቶቹ የበሉትን ያህል ይተዋሉ፤ የበሉትም ቢሆን ተመልሶ ይወጣል። አቶ በዛብህ ይህን ሲያይ የቆየ ወኔው ተነሣ። ጠጠሩን በየጠዋቱ ከበርሜሉ እያወጣ በፈላ ውኃና በብሩሽ አንድ በአንድ ይፈትግ ጀመር። ጠጠሩ እንደ ጥርስ ነጣ። ጫጩቶቹ ግን ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፋፍቱ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ሞቱ። በሁለተኛው ሰማንያ። እሱ የባሰ ፈተገ፤ እነሱም የባሰ ሞቱ።

«አቶ በዛብህ፣ ድንጋዩን ይተዉት፤» አለች ሸዋዬ።

«ቆሻሻ እየገደላቸው ድንጋዩን ልተወው?»

«ሐይቅ ውስጥ ያለ ድንጋይ ዝልግልግ ነው፤ ረግጠው ያውቃሉ? ሰው ያንሸራትታል። ዓሣው ግን የሚውለው እሱ አጠገብ ነው።»

«ሸዋዬ፣ ይህ ሐይቅ አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ነው።»

በዚያው ሳምንት መደበኛ ሥራው ጠራውና ለአምስት ቀን ወደ ጮሌ ሽንት ቤት ሊቆጥር ሄደ። ሲሄድ ለሸዋዬ ትእዛዙን ጣቱን እየቆጠረ ነገራት። ጠጠሩ ጠዋትና ማታ ይፈላ፤ ይፈተግ፤ ጉበቱ ይቀነስ። ሸዋዬ «እሺ» አለች። ጮሌ ላይ ስንት ሽንት ቤት እንዳየ ኋላ ሲጠየቅ አላስታወሰም፤ ልቡ እዚህ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ከመኪና ሲወርድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ በቀጥታ ወደ ጋጣው ገባ። ውኃው እንደ መስተዋት ጠርቷል። ጫጩቶቹ ጭንቅላታቸውን ውኃው ወደሚመጣበት አቅንተው፣ ጅራታቸውን እያወዛወዙ ተሰልፈዋል። ላይ ወጥቶ አፉን የሚከፍት አንድም የለም።

«አየሽ?» አለ ወደ ገበታው እየጠቆመ። «አየሽ መፈተግ የሚያመጣውን?»

ሸዋዬ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «አልፈተግኩም።»

«ምን?»

«አንድም ቀን አልፈተግኩም። ከጅረቱ ዝልግልግ ያለውን ድንጋይ በእንስራ አምጥቼ ከእርስዎ ነጭ ድንጋይ ጋር ቀላቀልኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

አቶ በዛብህ ወደ ጠጠሩ በርሜል ሄደና ክዳኑን አነሣ። እጁን ያለ መሐረብ ከተተ። ድንጋዩ ሁሉ ተልባ እንደተቀባ ሆኗል፤ ቡኒ፣ ለስላሳ፣ የሚያዳልጥ። ብሩሹ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። አወረደው። አንድ ድንጋይ አነሣና ብሩሹን አሳረፈበት። ከዚያ ገበታውን አየ። ከአራት ሺሁ የተረፉት ሁለት ሺህ እንኳ አይሞሉም፤ እነሱም በዚህ በሚያዳልጥ ነገር ላይ ባለፈ ውኃ ውስጥ ሆነው ጉበት እየተጠባበቁ ያዩታል።

ድንጋዩን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ወጣና እጁን አራት ጊዜ ታጠበ።

«ይህን ቆሻሻ በሪፖርት ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ ተመልሶ።

«ቆሻሻ አይበሉት። ሠራተኛ ይበሉት።»

በዚያ ወር ሪፖርት ላይ በንብረት ዝርዝር ውስጥ «ዝልግልግ፦ አንድ በርሜል። ሁኔታው፦ ሥራ ላይ» የሚል ተጽፎ ይገኛል።

ሚያዝያ አሥር ቀን ጠዋት በሦስት ሰዓት ገዥው መጡ። ከአዲስ አበባ ሦስት እንግዶች አስከትለዋል፤ ለእንግዶቹም የጾም ምሳ በራሳቸው ዓሣ ሊያበሉ ቃል ገብተዋል። ወጥ ቤታቸው ትልቅ ቅርጫት ይዛ ከኋላ ቆማለች። ግራዝማች ወልደአማኑኤልም ነገር ሸቷቸው ተከትለው ገብተዋል።

«እሺ በዛብህ፣» አሉ ገዥው እጃቸውን እያፋተጉ፤ «ትልልቆቹን አውጣልን።»

አቶ በዛብህ በሁለት እጁ ገበታውን አሳየ። ገዥው መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ።

«የታሉ?»

«እነዚህ ናቸው፣ ጌታዬ።»

«እነዚህ? እነዚህ የዓሣዎቹ ምግብ መስለውኝ!»

ከሦስቱ እንግዶች አንዱ ሳቁን በሳል አሳለፈው። ወጥ ቤቷ ገባ ብላ አየችና «ለአንድ ጉርሻ ስድሳ ይፈጃል» ብላ ቅርጫቷን ይዛ ወጣች። የገዥው ጆሮ ቀላ። ሰው ሲያፍር የሚቆጣው አጠገቡ ያለውን ነው።

«ሁለት ወር ሙሉ ስትመግባቸው ምን ሆነው ቀሩ?»

«ከውኃው ነው፤» አሉ ግራዝማች ከኋላ። «ይህ ውኃ አርባ ቀን ሲሽከረከር የኖረ ነው። በውስጡ የዋሉበትን፣ ያደሩበትን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሌላም ያደረጉበትን ውኃ መልሶ መላልሶ ነው የሚያጠጣቸው። ሰውም ቢሆን ይቀጭጫል።»

ገዥው ወደ አቶ በዛብህ ዞሩ። «እውነት ነው? አንተ? የንጽሕናው ሰው?»

«ይዞራል፣ ጌታዬ። ግን ንጹሕ ነው። ያነሱት ሕፃን ስለሆኑ ነው።»

«ንጹሕ ከሆነ ይጠጣዋ!» አሉ ግራዝማች።

ፓምፑ ብቻ «ሲጥ ቋ» አለ። አቶ በዛብህ ወዲያው መውጫ ቀዳዳ አገኘ።

«ጾም ላይ ነኝ፣ ጌታዬ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ።»

«መልካም፤» አሉ ገዥው፤ ወንበር አስመጥተውም ከደጃፉ ባለው ጥድ ሥር ተቀመጡ። «እስከ ዘጠኝ እንጠብቃለን።»

ስድስት ሰዓት ሙሉ! ወሬው ከወፍጮ ቤት እስከ መኪና ማቆሚያው ደረሰ። በዛብህ ሊጠጣ ነው! በሠርግ ያልጠጣው፣ በተዝካር ያልጠጣው ሰው፣ ዓሣ የታጠበበትን! ከዲሮ ጎማውን ጥሎ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ መጣ። አብዶ ሥጋ ቤቱን ዘጋ። ስምንት ሰዓት ላይ ግቢው ሞልቶ አጥር ላይ የተንጠለጠለም ነበር። አቶ በዛብህ ውስጥ ሆኖ በገበታዎቹ መካከል ይመላለሳል። ለማምለጥ አሰበ፤ በጀርባ በኩል መስኮት አለ። ግን ሸዋዬ ፓምፑን እያዞረች ታየዋለች።

«ያምኑታል ወይስ አያምኑትም?» አለችው።

«እነሱ እንዲኖሩበት አምነዋለሁ።»

«ታዲያ እነሱ ከእርስዎ ያንሳሉ?»

አቶ በዛብህ የሚያንሱ ቢመስለውም ሄዶ መስኮቱን ዘጋው።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ሸዋዬ ከገበታው ጫፍ አንድ ጣሳ ውኃ ቀዳች። የጣሳውን ከንፈር በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፤ ባትወለውለው ይሻለው ነበር። አቶ በዛብህ ደጃፉ ላይ ቆሞ አማተበ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጠጣ። አንድ ጉንጭ፣ ሁለት ጉንጭ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ጥቂት ድንጋይ ድንጋይ፣ ጥቂት ብረት ብረት ይላል፤ ከዚያ በቀር ውኃ ውኃ ነው የሚለው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲጠማ የዋለ ጉሮሮ ይህን ሲያገኝ ማን ያቆመዋል? ጨለጠው። ዓይኑን ገለጠና ጣሳውን ወደ ሸዋዬ ዘረጋ።

«ድገሚኝ።»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ገዥው ራሳቸው ሳቁና ግራዝማችን ጠሩ። «እርስዎም ይቅመሱ እንጂ፤ ጠያቂው እርስዎ ነዎት!» ግራዝማች ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፤ መንገድ የለም። ጣሳውን ተቀብለው ትንሽ ቀመሱ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ጨመሩ።

«ግሩም ነው፤» አሉ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ከእኔ ቦይ የተቀዳ ስለሆነ እኮ ነው!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ግራዝማች ማንም ሳይጠይቃቸው ሦስተኛ በርሜል ይልኩ ጀመር፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም «ዓሣዎቼን ላሳያችሁ» እያሉ ጋጣው ድረስ ይዘው ይመጣሉ።

ሚስተር ፓልመር ግንቦት ላይ ሲመለስ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሚጠጉ፣ ጣት የሚያካክሉ ዓሣዎች አገኘ። ፓምፑን ዞሮ አየ፣ የተበሳሳውን ጣሳ አየ፣ የጠጠሩን በርሜል ክዳን ሲያነሣ ግን አቶ በዛብህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ፈረንጁ እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ አወጣና አሸተተው። «ቆንጆ!» አለ፤ «ቆንጆ፣ ቆንጆ ቆሻሻ!» ብሎም በዚያው እጁ አቶ በዛብህን ጨበጠው። አቶ በዛብህ ስፒሪቶውን የት እንዳስቀመጠ ቢያስብ ትዝ አልለው አለ።

ሰኔ ላይ ዓሣዎቹ በጣሳና በበርሜል ተከፋፍለው በቱሳ በቅሎዎች ወደ ጭላሎ ወጡ። ቱሳ የተራራው ሰው ነው፤ አማርኛን እየመረጠ፣ አንድ አንድ ቃል እያስቀመጠ ነው የሚናገረው። መንገዱን ሙሉ አቶ በዛብህና ሸዋዬ ግራና ቀኝ እየሄዱ ውኃው ነፋስ እንዲያገኝ በጣሳ ያነሣሉ፣ መልሰው ያፈስሳሉ፤ ያነሣሉ፣ ያፈስሳሉ። ቱሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግሦ አያቸው።

«ጌታው፣» አለ በመጨረሻ፤ «ከወንዝ ውኃ ቀድታችሁ፣ ወደ ወንዝ ነው የምትወስዱት?»

«አዎ።»

«መንገድ ላይ ደግሞ ከበርሜሉ ቀድታችሁ፣ ወደ በርሜሉ ነው የምትመልሱት?»

«አዎ።»

ቱሳ ለበቅሎዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገራት፤ በቅሎዋም ራሷን ነቀነቀች።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ጭጋጉ ተራራውን ሸፍኖታል። ውኃው በድንጋዮቹ መካከል እየነጣ ይወርዳል። አቶ በዛብህ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለና ገባ፤ እግሩ የነካውን ድንጋይ በዝልግልጉ አወቀው። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ አዘነበላቸው። ዓሣዎቹ መጀመሪያ እግሩ ሥር ተሰብስበው ቆሙ፤ ከዚያ አንዱ ወደ ላይ ተፈተለከ፣ ሌላው ተከተለ፤ ጥቂት ቆይቶ ውኃው ብቻ ቀረ። አቶ በዛብህ ባዶው ጣሳ ውስጥ ተመለከተ። መሐረቡን አወጣና በር ሳይከፍትበት ዓይኑን ጠረገበት።

«ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?» አለች ሸዋዬ ከዳር ሆና።

«ለምኑ?»

«ክንድ ለማከል።»

«ሚስተር ፓልመር ሦስት ዓመት ይላል።»

ሸዋዬ በጣቶቿ ቆጠረች። «እግዜር ካለ እኖራለሁ። መረቡንም እስከዚያ እሠራለሁ።»

አቶ በዛብህ ውኃው መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። «ልትበያቸው?»

«ታዲያ ምን ብዬ ነው ያሳደግኳቸው?»

ከውኃው ወጥቶ ጫማውን አደረገ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ቱሳ ባዶ በርሜል ከጫኑት በቅሎዎቹ ጋር ከሁለቱም ኋላ ነበሩ። አቶ በዛብህ ተቀይሟል፤ በአካሄዱ ያስታውቃል። የመጀመሪያዎቹ የከተማዋ ቆርቆሮዎች ከታች ብልጭ ሲሉ ግን ቀስ እያለ ሄዶ እስክትደርስበት ጠበቃት።

«ሸዋዬ፣» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«አቤት?»

«መረቡ በምን ነው የሚሠራው?»